ካራ ዳገት ላይ

ልሸጣት ነው የወጣሁት ከቤቴ፣
ሌሊት አጥቤ፣ ጎማዋን በዘይት ወልውዬ፣ ሳልነግራት ለሚስቴ።
ገዢው ለገጣፎ ይጠብቃል፤ ኦቦ ደገፋ ይባላል፣
"ሞተሯን ሳልሰማ ብር አልቆጥርም" ብሏል።

ሰኔ ነው። ጭጋጉ ባሕር ዛፉን እስከ ወገቡ ውጦታል፤
ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ጎኔን ታክኮ አልፎ
መስታወቴን ጭቃ አልብሶታል።
ላዳዬ በሁለተኛ ማርሽ ግማሹን ዳገት ወጥታ
አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች፣
ከዚያ ዝምታ።

ቁልፉን ጠመዘዝኩ። ሞተሪኖው ያጓራል፤ ባትሪው ደህና ነው፤
እሷ ግን አትነሳም።
"ምነው?" አልኳት፣ "ዛሬን ምነው?"

ደወልኩ። በባጃጅ መጣ፣ የካፖርቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው ሰቅሎ፤
ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ ዘገነ ቆሎ።
"ሦስት መቶ ሺህ ነበር ያልነው" አለ፤ አንዲት ገብስ ቆረጠመ፤
"የቆመች መኪና ግን ሁለት መቶ ዘጠና" ብሎ ደመደመ።

ኮፈኑን ከፈትኩ።
ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻታለሁ፤ አውቀዋለሁ ሕመሟን፤
እሳት፣ ነዳጅ፣ አየር፤
ከሦስቱ አንዱ ነው የነሳት አቅሟን።

ካንዴላ ፈትቼ፣ ከብረት አስጠግቼ፣ "ቁልፉን ንካልኝ" አልኩት፤
ሰማያዊ ብልጭታ፣ ጥርት ያለ፣ ጣቴ ሥር አየሁት።
"እሳት አላት!"
"እሳትማ የኔም ሚስት አላት" አለ። "ሁለት ሰማንያ።"

ፑንቲናውን በክብሪት ቀፎ ጎን ፋቅሁ፤ ቦቢናውን ዳሰስኩ፤
የአየር ማጣሪያውን አንስቼ የጋዙን ማንሻ በጣቴ ሳብኩ፤
የካርብራተሩ ጉሮሮ ደርቋል እንደ ጾመኛ ምላስ።
"ሁለት ሰባ" ይላል ደገፋ በለሆሳስ።

ቱቦውን በአፌ ሳብኩ፤ ቤንዚኑ እስከ አንጀቴ አቃጠለኝ፤
ተፋሁት፤ ሽታው ግን አልተፋኝ።
ጂግለሩን አውጥቼ ወደ ላይ አነሳሁ፤
ከመርፌ ዓይን ያነሰች ክብ ሰማይ
ነጭ ሆና በቀዳዳው አየሁ።
ንጹሕ ነው። ይሄም አይደለም።

በጠርሙስ ቆርኪ ቤንዚን ጠብ አደረግሁላት ከጉሮሮዋ፤
ተነሳች! ደገፋ ቆሎውን ደፋ!
ቆርኪው እስኪያልቅ ብቻ ነበር ግን ዕድሜዋ።

መንገደኛው ተሰበሰበ። አንዱ "ፖምፓው ነው" ይላል፤
አንዱ "ዓይን በልቷት ነው" ይላል፤
ገለባ ጭና የምታልፍ ሴት፣ አህያዋን ሳታቆም፣
"ለቆራሌው ስጧት እንጂ፣ ምን ያደክማል?"
ሳቁ።
"ሁለት አርባ" አለ ደገፋ። እሱ አልሳቀም።

እኔ ካቻቢቴዬን ታቅፌ ጭቃው ላይ ቁጢጥ እንዳልኩ
ትናንት ማታን አሰብኩ።
ሳጥባት፣ ውሃ እንዳይገባባት ብዬ፣
የታንከሯን ክዳን በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣
በላስቲክ አጥብቄ፣ ደግሜ አጥብቄ...
እኔው ራሴ።

ወደ ኋላ ዞርኩ፣ ጀርባዬን ለሰዉ ሰጥቼ፤
ቋጠሮው እምቢ ቢለኝ በጥርሴ ፈትቼ
ክዳኑን ሳላላው፣
እስስስ... አለች፤ ትንፋሿን ሳበች፣
ጠልቆ ቆይቶ ከውሃ እንደ ወጣ ዋናተኛ።
እጄን አፏ ላይ አድርጌ ትንሽ ቆየሁ።

ፌስታሉን ኪሴ ከተትኩት። ተመልሼ ካርብራተሩን
በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አደረግሁ፣ ለሰው ዓይን።
"በል አሁን ሞክራት።"
ሁለት ጊዜ አንገራገረች፤ ከዚያ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ያ ጉርምርምታ፣
ከኮፈኑ አልፎ በጫማዬ ሶል ገባ።

"ምኗ ነበር?"
"ካርብራተሯ ነዋ። ብርድ አትወድም።"
"ሁለት አርባ ብለናል።"
"ብለናል።"
ብሩን የሞቀው ኮፈን ላይ ቆጠርን፤ አንድም አልጎደለም።

ሄደች።
እኔ በእግሬ ቁልቁል፣ አፌ ቤንዚን፣ እጄ ቅባት፤
ለሚስቴ የምላትን ቃል እየመረጥኩ፣ እየጣልኩት፤
ስድሳ ሺህ ብር የበላ ፌስታል በየእርምጃዬ እየተንኮሻኮሸ።

ከጭጋጉ ውስጥ ማርሽ ስትቀይር ሰማኋት፤
ሦስተኛን ቶሎ አስገባ ሰውዬው።
አትወድም እሷ።
ይለምደዋል።