ያልተካፈልነው

ትሬጋሮን፣ ዌልስ

አንድ ገንዳ ነበረን፣ አባት የገነባው፣
ከጎተራው ኋላ፣ ነፋስ የማይገባው፤
በመኸር መባቻ፣ መንግሥት ባዘዘን ቀን፣
በጎቹን በተራ አንገት እያነቅን
እኔና ኢድዋል፣ የአንድ እናት ማኅፀን፣
ወተት በሚመስል ውሃ ውስጥ ደፈቅን።
ስሙ መድኃኒት ነው፤ እከክ የሚያጠፋ፤
ገባን በባዶ ክንድ፣ ክርናችን እስኪጠፋ።

ማታ እኔ ሾርባዬን ጠጥቼ አንኮራፋሁ፤
እርሱ ሲያቃስት አድሮ፣ ብርድ ነው ብዬ አለፍሁ።
ጠዋት የዓይኑ ብሌን የመርፌ ራስ አክሎ፣
ማንኪያው ከሳህኑ ሲንኳኳበት ውሎ።
ደግሞ በዓመቱ። ደግሞ በዓመቱ።
የገዛ ውሻውን ስም እስከሚረሳ፣
በአርባ ዓመት ዕድሜው በዘንግ እስኪነሳ።

እኔስ? ከዚያው ገንዳ፣ ያንኑ ጉም ስቤ፣
ሳል እንኳ አልያዘኝም፤ አልደነገጠ ልቤ።
«ሥራ ጠላ» አልሁት፣ በሐሙስ ገበያ፤
«ይኸው የኔ ክንድ! አንድ ነው መንከሪያ!»
ሰው ሳቀ። እርሱ ቆቡን አውልቆ መሬት አየ፤
የሚስቱ የመሬሪድ ዓይን ከኔ ተለየ።

ዘግይታ አንዲት ነርስ ከከተማ መጣች፣
ከሁለታችንም ደምን ቀድታ ሄደች።
ኢንዛይም ይሉታል፤ ጉበት የሚያሰማራው፣
ነርቭ ሳይደርስ መርዙን በጥሶ የሚያስቀረው።
ከሰው ሰው ይለያል፤ እዚህ ጎርፍ፣ እዚያ ጤዛ፤
በኔ ደም ስለታም፣ በርሱ ደም ፈዛዛ።

አንዲት ፊደል ናት አሉ፣ ከልዩነቱ ኋላ፤
«ነ» ጭረት ስትደፋ «ኘ» እንደምትባል፣ ሌላ።
ያቺው ጭረት እኔም ስሜ ላይ ተገኘች፤
«ኤምሊን ዳነ» ሲባል፣ «ዳኘ» ሆና ወጣች።

መሬቱን በገመድ ለክተን ተካፍለን፣
በጎቹን በቀለም ጀርባቸው ላይ ለይተን፣
የግድግዳ ሰዓቱን እንኳን ዕጣ ጥለን፤
ይህንን ማን ያካፍል? የቱ ዳኛ ተጠርቶ?
ከኔ ማድጋ ቀድቶ ለርሱ ጽዋ ሞልቶ?

ዛሬ ገንዳው ደርቆ ሳማ በቅሎበታል።
ማክሰኞ ማክሰኞ ቤቱ እሄዳለሁ፤
ሾርባውን ሲጠጣ ሳህኑን እይዛለሁ።
ይቅርታ እስካሁን አልጠየቅሁም፤
ደርሶ ከጥርሴ ሥር ይመለሳል።
ውሻዋ ጉልበቱ ላይ አገጯን ስታሳርፍ፣
ዓይኑ ስሟን ፍለጋ ጣራ ላይ ሲንሳፈፍ፣
«ኔል» እለዋለሁ፣ ቀስ ብዬ።
«አውቃለሁ» ይለኛል።
ስለ ውሻዋ ይሁን ስለ ሌላው፣
አልጠይቅም።