ከኮርቻ እስከ ፍሬቻ

ሳይክሏ ስትመጣ፣ በካርቶን ታሽጋ፣
ሻጩ ማለልን፦ «ስትሄድ ናት አልጋ!»
አልጋስ አልጋ ነበረች፣ ጠፍሩ የተበጠሰ፤
ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ የመሬማን ወገብ ጨረሰ።
ስምንት ሰዓት ሙሉ፣ ክር ስትቀጥል ቆማ፣
መቀመጥ አምሯት ነው፣ የምትወጣው ደክማ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ በርበሬ ወንዝ ሱቄ፤
ከሱሪ ዚፕ በቀር፣ ሞተር የት አውቄ!
ባትሪውን አልነካም፣ ሽቦውን አልፈታም፤
ግና ለሰው ገላ፣ ልክ መውሰድ አላጣም።

ያረፋውን አጎዛ፣ ከግድግዳ አውርጄ፣
ስፖንጅ ከሥር አድርጌ፣ በመቀስ ቀድጄ፣
ዳሩን በላስቲክ ገመድ፣ እንደ ቆብ ሰብስቤ፣
ኮርቻውን አለበስኩት፣ ልኩን ባይኔ አስቤ።
(ለዝናብ ቀን ደግሞ፣ ከሥሩ ፌስታል አለ፤
እርጥብ በግ ላይ ተቀምጦ፣ ፋብሪካ ማን ዋለ?)

መሪው አጎበጣት። ከጎሚስታው ከአራጋው
ቁልፍ ተውሼ መጥቼ፣ ሦስት ጣት ከፍ ባደርገው፣
ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው።
የባጃጅ ከመነዳሪ፣ ጠመጠምኩ በእጀታው፣
የመንገዱ ድንጋይ፣ ክንዷን እንዳይመታው።
የዘይት ጀሪካን፣ በጋለ ቢላዋ፣
ፓራፋንጎ ሆነ፣ ጭቃ ሲረጭ ኋላዋ።

«ቀለሙስ?» አለችኝ።
የበራችን ቀለም፣ አረንጓዴው ተርፎ፣
ከአልጋ ሥር ነበረ፣ በጣሳ ውስጥ አርፎ።
ቀባኋት። በራችንና እሷ፣ እህትማማች መሰሉ፤
«ሰርግ አለ ወይ ዛሬ?» ጎረምሶች ይላሉ።

ሰርግስ አለ።
የሰርጋችን ሲዲ፣ ማጫወቻው ሞቶ፣
መሳቢያ ውስጥ ነበር፣ ከመርፌ ጋር ተኝቶ።
ከኋላዋ ሰቀልኩት፣ ከቀይ መብራቷ በላይ፣
ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ፣ መብራቱን ሲጥል እንዲያይ።
በሁለት ድንጋይ የምትበራ ፍሬቻም፣ አራጋው መረቀልን።

ያለፈው ክረምት ነው። አንዲት የፈረቃ ጓደኛዋ፣
(ስሟን አላነሳም)
በጭጋግ፣ ያለ መብራት፣ በዚሁ መንገድ ላይ…
ከዚያ በኋላ ነው፣ መርፌዬ ያበደ።
የመንገድ ሠራተኛ ሰደርያ፣ አርጅቶ የተቀደደ፣
የሚያበራ ጥብጣቡን፣ ፈትቼ፣ ተርትሬ፣
በሻንጣው፣ በጃኬቷ ጀርባ፣ ሰፋሁት ክሩን ደርቤ ቋጥሬ።

ማታ አምስት ሰዓት፣ ከቦርከና ማዶ፣
ብርሃን ብቅ ይላል፣ ጭጋጉን ቀድዶ።
ለሾፌሮች ነበር፣ ያ ብልጭልጭ ሁሉ፤
ከነሱ ቀድመው ግን፣ ዓይኖቼ ያያሉ።
ከሰፈራችን ጥግ፣ ሰው፣ ውሻም በሌለበት፣
ፍሬቻ አሳየች ግራ፣ ልትታጠፍ ወደ ቤት።

ለማን ነው? አልኩ በልቤ።

ደረሰች። ወረደች። ጃኬቷን አወለቀች።
«አጎዛው ጭኔን በላኝ» አለች፣
«ፍሬቻውም ረግቧል።»
ካቻቪቴው የት ነበር?