ዘይቱ እስኪሞቅ

ኮዬ ፈጬ፥ አራተኛ ፎቅ፥ መብራት የለም ማታ፤
አስናቀ ብልቃጧን ከብብቱ ከቶ ይጠብቃል ላንዳፍታ።
«ዘይት ነውና ካልሞቀ፥ ሥጋ ውስጥ ይረጋል» ብላ፥
ሲስተር ኩለኒ አሳይታው ሄደች፥ ለሌሊት ተራዋ ቸኩላ፤
በእስክሪፕቶ ዳሌዬ ላይ ሁለት ክብ ሥላ።

ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ሚሊ ሜትር አይስትም በሥራው፤
ያ እጅ እኔ ዘንድ ሲደርስ ይርዳል፥ ሲሚንቶ የሰነጠቀው።
አንዷ ብልቃጥ የሁለት ቀን ላቡ ናት፤
ጠብታ ከሥሯ አይቀርም፤ አዘንብሎ ነው የሚመጥጣት።
«ልቁጠር?» ይላል። «አትቁጠር፤ ዝም ብለህ ውጋ» እለዋለሁ።
እሱ ግን ይቆጥራል። ሦስት ሳይል ትራሱን እነክሳለሁ።

ያለፈው ዙር እንክብል ነበር፥ ከታች የሚገባ፥ የማያምም፤
በስድስተኛው ሳምንት ወረደ። ሐኪሙ «ከመድኃኒቱ አይደለም፤
መርፌም ሆነ እንክብል፥ ውጤታቸው ይቀራረባል፤
የተመቸሽን ምረጪ» አለ።
የተመቸኝን!
ያልታመምሁበት ነገር ይጸናል ብዬ እንዴት ልመን?
ያመመኝን መረጥሁ። ሕመም ቀብድ ይመስለኛል፤
እንደዚህ ቤት ቁጠባ፥ ሳያቋርጥ የከፈለ
አንድ ቀን ዕጣው ይወጣለታል።

የምድር ቤቷ እትዬ ታንጉት ደረጃ ላይ ሳነክስ አይተው፥
«መታሽ እንዴ?» አሉኝ ሹክ ብለው።
«አዎ» ልላቸው ትንሽ ቀረኝ፤ እውነት ነው፥
በየማታው፥ በሦስት ሰዓት፥ አንድም ቀን ሳያሳልፍ፤
ከዚያም በሞቀ ፎጣ ያሸኛል፥ እብጠቱ እንዲያርፍ።

አሥራ አራተኛው ቀን ሐሙስ ዋለ፥ የውሃ ቀን፤
ጀሪካን ስሞላ ስልኬ ጮኸ። የላብራቶሪዋ ልጅ ነበረች።
«ቁጥር አለ» አለችኝ። «አለ፤ ግን ትንሽ ነው ገና፤
ከነገ ወዲያ ይደገም፤ እጥፍ ከሆነ…»
ተቆረጠ፤ ኔትወርክ የለምና።
ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ውሃው ደረጃውን ይዞ ወረደ፤
እትዬ ታንጉት ከታች ይጮኻሉ፤
እጄ ቧንቧው ላይ ነው፥ መዝጋት ግን እምቢ አለ።

ማታ መብራት ነበረ። አስናቀ እንደ ልማዱ
ብልቃጧን ከብብቱ ከተተ።
ስለ ቁጥሩ ነግሬዋለሁ፤ ደግሞ አልጠየቀኝም።
«ሞቀ?» አልሁት።
«ገና።»
ትናንት ግራው ነበር፤
ቀኙን አዞርሁለት።