ስድስተኛዋ ማንኪያ

መጋቢት ተጋምሷል፤ በጋው አልወጣ ብሎ፣
ግቤም ከዳሩ ሸሸ፣ ጭቃውን ለፀሐይ ጥሎ።
ተሰንጥቋል መሬቱ እንደ አሮጌ ገበቴ፤
እኔ ዘንግ ተሸክሜ፣ በኪሴ ውስጥ ብልሃቴ።
ከጅማ የመጣሁበት ሚኒባስ ደነባ ሲጥለኝ፣
«በዚህ ሙቀትማ በስሎ ነው የሚወጣ!» ብሎ ረዳቱ ሳቀብኝ።

ሦስተኛ ቀኔ ነው ዛሬ። ሁለቱን በባዶ ከረጢት
ገባሁ ቤቴ፤ ዘቢባም ሽሮ አቀረበች፣ ከነምፀት።

የመጀመሪያው ቀን ትል ነበር፤ ከቦዬ ረግረግ ዳር የቆፈርኩት፣
ጉማሬው ከረገጠው አፈር፣ ሳይነጋ በችኮላ የለቀምኩት።
ሰካሁት፣ ወረወርኩት፤ አንዲት ቆሮሶ፣ ጣት የማታህል፣
ነካክታ ትታው ሄደች፣ እንደ ጠገበ ሰው እህል።

በማግስቱ የዶሮ አንጀት፣ ከሂርማታ በፌስታል ቋጥሬ፤
ሰው ሁሉ መስኮት ከፈተ፣ እኔም አብሬ ከፈትኩ አፍሬ።
ለአምባዛ ነበር ሐሳቤ፤ አምባዛው ግን ቀን ቀን አይወጣ፣
ጭቃውን ተከናንቦ ይተኛል፣ ጨለማው እስኪመጣ።

ትናንት ማታ ታዲያ፣ ሬዲዮ ስጠግን በብየዳው ጭስ ታጥኜ፣
የሻይ ማንኪያ ዓሣ መሰለችኝ፤ አየኋት አንድ ዐይኔን ጨፍኜ።
እጀታዋን ቆረጥኩ፣ በሳሁ፣ መንጠቆ በቀለበት አሰርኩ፤
የዘቢባ የሠርግ ማንኪያ ናት። ስድስት ነበሩ።
አምስቱን አጥቤ ደረደርኩ።

ተማም አባ ዝናብን አገኘሁት፣ ጥላ ፈልጎ ተቀምጦ፤
ስሙ ላይ ዝናብ ያለበት ሰው፣ ማሳው በውኃ ተውጦ።
ማንኪያዬን በመዳፉ መዘነ፣ ፀሐይ ላይ አገላበጠ፤
«ማንኪያስ ደግ፤ ወጡ የት እንዳለ ታውቃለህ?» ብሎ አላገጠ።

«ዳሩን ተወው፤ ዳር ያለው ውኃ ሻይ ሆኗል፣ ስኳር ብቻ ቀረው።
ትልቅ ዓሣ እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ በቀትር ጥላውን አይለቀው።
ያን የደረቀ ግንድ ታያለህ? ያን ነጭ ወፍ ያረፈበት?
ዋንዛ ነው፤ አባቴ የተከለው፤ ከብቱን ያሳረፈበት።
ከዋንዛው ወደ ፀሐይ መውጫ ሃያ እርምጃ ብትራመድ
(መራመድስ ቀርቷል፤ ግድ የለም፣ ልብህ ይራመድ)
የእናቴ ምንጭ አለች። ቀዝቃዛ፤ ለሐምሌም ለመጋቢትም አንድ።
እዚያ ነው የሚሰበሰቡት።
ሙቀት ሲብስ እኛም እዚያ ነበር የምንሰበሰብ።»

በሳንቃ ታንኳው ገፋን፤ ተማም አንዴ ቀዝፎ በእጁ፣
አንዴ ወደ ታች ይጠቁማል፤ «ይኸ በሩ፣ ያ ደጁ፤
እዚህ ጎተራ ነበር፤ እዚህ ጋ ደግሞ…»
አለና ተወው።
ከመቅዘፊያው ጫፍ ውኃ ብቻ ጠብ፣ ጠብ።

በመጀመሪያው ውርወራ ዋንዛው ያዘኝ። ፈታሁ በጸሎት።
ሁለተኛው ባዶ። በሦስተኛው «ቁጠር» አለኝ፤ «ትውረድ፣ ተዋት።»
እስከ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ማንኪያዋ እየተንገዳገደች፣
እንስራ እንዳዘለች ኮረዳ ወደ ምንጩ ወረደች።

ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፤ ክሩ መዳፌን ቆረጠው፤
ቢልጫ ነው፣ ክንድ የሚያህል፤ ተማም በቅርጫት አወጣው።
አንጠልጥዬ ልሄድ ነበር፣ ለዚያ ረዳት ላሳይ፤
ተማም ግን መዳፉን ጎኑ ላይ አኖረ፤ አላነሳውም፣
ቆየ በዚያች ፀሐይ።

«ይቀዘቅዛል» አለ።
ሌላ አልተናገረ።

ዓሣውን ለእኔ ሰጠኝ። ማንኪያዋን ለእሱ ተውኳት።

ማታ ዘቢባ ዓሣውን ጠብሳ፣ ሎሚ ጨምቃ፣
ሻይ ስትቀዳ ማንኪያ ቆጠረች፤ ደግማም ቆጠረች ተጠንቅቃ።
«ስድስተኛዋስ?»
አጥንት የዋጥኩ መሰለኝ።
«ምንጭ ወርዳለች» አልኳት።

ዘቢባ ከቀሚሷ ኪስ የተቆረጠች እጀታ አወጣች፣
ከሳህኔ አጠገብ አኖረቻት።
«ይችን» አለች፣ «ረስታ ነው የወረደች።»