የዋግ ቆጣሪዋ

ዊኒፔግ፣ ምድር ቤት፣ ጥር ሃያ ሦስት፣
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት።
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ያረጀ መዝገብ ፎቶ አንስቼ
ቁጥር እሰጣለሁ፣ አቧራ ጠርጌ፣ ሣጥን ከፍቼ።
ያን ቀን ከሣጥኑ አንድ ደብተር ወጣ፣
ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ የነጣ፤
ስሟ ከውስጥ ገጽ፣ በእርሳስ፣ በስሱ፦
«ፓራስካ ሌቪትስካ። ዶፊን። አትዋሱ።»

የመጀመሪያው ገጽ ትዝታ ነው። ልጅ ነበረች ያን ሰሞን፣
የአባቷ ስንዴ ደረቷ ድረስ ሲሆን፤
አንድ ምሽት ሞቅ ያለ ነፋስ ከደቡብ መጣ፣
በሳምንቱ ማሳው ዝጎ ወጣ።
በመሐሉ ሮጣ በዚያኛው ጫፍ ወጣች፣
በነጭ ቀሚሷ ላይ ዝገት ተሸክማ መጣች።
እናት ልብሱን አጠበች፣ አባት ማሳውን አቃጠለ፣
ቄሱም «የኃጢአት ዋጋ ነው» አለ።
ልጅቷ ግን፦ «እሺ፣ ማን ነው ያመጣው?
ነፋስስ ከሆነ፣ ከየት ነው የወጣው?»

እዚህ ላይ ደብተሩ ዐሥራ አምስት ዓመት ይዘላል፤
ግጥም ደፋር ነው፣ የማያውቀውን ይሞላል፤
እኔ ግን ልተወው። ማንን ወደደች? ስለ ምን አለቀሰች?
አላውቅም። በሚቀጥለው ገጽ ከእህል ጎተራው ጫፍ ደረሰች፤
ከባቡር ሐዲዱ ዳር፣ ከዚያ ከእንጨት ማማ፣
ቫዝሊን የተቀባ መስታወት ተሸክማ፤
በየጧቱ ሰቅላ፣ በየማታው አውርዳ፣
ዓሣ እንደሚጠመድ ነፋሱን አጥምዳ።
የጎተራው ዘበኛ፣ ኅዳጉ እንደሚለው፣ ሣቀ፦ «አንቺ ጉም ዘጋኝ!»
መልሷም ተጽፏል፦ «አዎ፣ ጉም ነው ያስራበኝ።»

ሰኔ ሦስት፦ ባዶ። ሰኔ አራት፦ ባዶ።
ሰኔ ዐሥራ አንድ፦ አንድ ቀይ ብናኝ፣ ከደቡብ ተሰዶ።
ዐሥራ ሁለት፦ ሰባት። ዐሥራ ሦስት፦ ሁለት መቶ አራት።
ከዚያ በኋላ «በዛ» ብቻ፤ ቁጥር አለቀባት።
ካርታ ላይ መንገዱን ሣለች፣ ድንበር የማይጠይቅ፣
ከቴክሳስ ተነሥቶ እስከ ማኒቶባ የሚዘልቅ።

ሪፖርቱ ታተመ። ሽፋኑን አገኘሁት፤ ሁለት የወንድ ስም፣
ከታች በደቃቅ ፊደል፦ «ለወይዘሪት ሌ. ምስጋና፣ መስታወት ለማጠብ ድካም።»

አንድ ገጽ ላይ ግን ቆምኩ፣ ልቤ ዘለለ፣
«ቁጥር አርባ አንድ፦ ዘር፣ ከሐበሻ አገር» የሚል ስላለ፤
ጉራዬ ተነሣ፤ «ያገሬ ስንዴ አዳናት» ልል፣
ገጹን ብገልጠው፣ በእርሳስ «ወደቀ» ይላል።
ብቻዬን ሣቅሁ። እሷ ለማንም አታዳላ፤
የቆመው ስልሳ ሰባተኛው ነው፣ አባቱ ያልታወቀ ዲቃላ።

ስለዚህ ግጥም ጀመርኩ፣ በምሳ ሰዓቴ፣
ሳንድዊቹ በግራ፣ እርሳሱ በቀኝ ጣቴ፤
ቤት ልምታላት ብል፣ የራሷ ቤት አልነበራትም፣
የኪራይ ደረሰኝ አለ፤ ሐውልት ግን የላትም።
የምገምጠው ዳቦ ግን፣ ማን ያውቃል፣ የዚያ ዲቃላ ዘር፣
ስሟን ሳያነሣ ይኖራል፣ በሰው አፍ ሲሰባበር።

የመጨረሻው ገጽ፣ ጽሕፈቱ ይንቀጠቀጣል፦
«ሳል። ሐኪሙ፦ ብናኙ ሳንባሽ ውስጥ ተቀምጧል።
እኔም ጠየቅሁት፦ ስንት? ቆጥረኸዋል?»

ሌላ የለም።
ደብተሩን ፎቶ አነሣሁ፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ ዘጋሁት፤
ጣቴ ላይ ቀይ ነገር ቀርቶ፣ ልጠርገው ስል ተውኩት፤
መብራት ሥር አስጠግቼ፣ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩት።