የወረቀት ድሪቶ

ከአራዳ ገበያ ጀርባ፥ ጣሪያው በሚያፈስ ሱቅ፣
እናቴ ድሪቶ ትሰፋ ነበር፥ ከእራፊ ጨርቅ፤
ከሟች ጋቢ ጫፍ፥ ከወታደር ኮት፥ ከሙሽራ ቀሚስ ትራፊ።
«ይኸ ቁራጭ ሰው ነው» ትለኛለች፥ «ስሙ ነው እንጂ እራፊ።»

እኔ መርፌዋን ወረስሁ፤ ጨርቁን ጊዜ ወሰደው፤
ብርድ ልብስ በጭነት መኪና መጣ፥ ድሪቶን ማን ይውደደው?
የተጣለ ደብተር፥ የሲሚንቶ ከረጢት ለቀምሁ፣
በባልዲ ዘፍዝፌ፥ በሙቀጫ ወቅጬ አላምሁ፣
በወንፊት አጥልዬ ከቆርቆሮው ላይ አሰጣሁ፤
ለሠርግ፥ ለእንቁጣጣሽ፥ ካርድ ልሰፋ ተነሣሁ።

ግን ወረቀት ቂም ይይዛል።
ጨርቅ ያለቦታው የተወጋውን፥ በጣት ሲያሹት ይረሳዋል፤
ወረቀት ቀዳዳውን ዕድሜ ልኩን ያሳያል።
ስፌቱን ካቀራረብሁት፥ እንደ ቴምብር ተቀዶ ይወድቃል።
ስለዚህ የመርፌዬን እርምጃ በጥፍር ስፋት ደንግጌ፣
እሰፋለሁ፥ ትንፋሼን ውጬ፥ ክሬን ላላ አድርጌ።
ጫፍ ከጫፍ ይሳሳም እንጂ፥ እንደ እናቴ አልደርብም፤
ከደረብሁት ካርዱ ያብጣል፥ ፖስታው አይቀበልም።

ጎብኚ መጥቶ «የፋሲልን ግንብ ስፊልኝ» ይለኛል።
«ግንቡ ቆሟል» እለዋለሁ፤ «እኔ የምሰፋው የተቀደደ ነው።»

ጳጉሜን ሦስት፥ በሩፋኤል ዝናብ፥ ጋሽ አስማረ ከጨጨላ መጡ፤
ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ከደጃፌ ቆሙ፥ አልተቀመጡ።
በብብታቸው ላስቲክ፥ በላስቲኩ ውስጥ የክስ መዝገብ፤
ከታናሻቸው ከቢያድግልኝ ጋር፥ የዘጠኝ ዓመት ግብግብ፣
ለአንዲት ክንድ አጥር።

«ከዚህ ካርድ ስፊልኝ።»
«ለማን?»
«ለእሱ።»
«ውስጡ ምን ተብሎ ይጻፍ?»
ዝናቡን አዩ።
«ተይው። ተጽፎ አልቋል።»

ቆረጥሁት። «ከሳሽ» ለሁለት ተከፈለ፥ «ተከሳሽ» ጅራቱ ጎደለ፤
«ቀጠሮ» ተገልብጦ ከአንድ ሦስት ማዕዘን ሥር ዋለ።
ሐምራዊው ክብ ማኅተም ላይ ስደርስ፥ መቀሱ ከበደኝ፤
መሐል ተውሁት፤ ስምንቱ ቁራጭ ሲከቡት፥ እምብርት መሰለኝ።

በጀርባው ቋጠሮዎቹ ይታያሉ።
እናቴ ብትሆን ገበር ታለብሰው ነበር፤
እኔ ተውሁት።

መስከረም አጋማሽ፥ የሱቄን በር ሌላ ሽማግሌ ጋረደው፤
ያው አፍንጫ፥ ያው የጃንጥላ አያያዝ።
ከሲንጀሩ ጎን አንድ ላስቲክ አኖሩ፥ በገመድ የታሰረ፥
ጫፉን አይጥ የቀመሰው።

«የኔም አለ» አሉ፤
«ግልባጩ።»