ሦስት በርሜል

ዓይን በምትባል ከተማ፣ ስሟ ከምንጭ በተቀዳ፣
ከትምህርት ቤቱ ኋላ፣ ከምግብ አዳራሹ ጓዳ፣
ሦስት በርሜል ቆመዋል፤
እኔ አራተኛ ነኝ፤
የምሳው ደወል ሲጮህ ጓንቴን አጥልቄ ያገኘኛል።

አረንጓዴው ለሚበሰብስ፣
ሰማያዊው ለሚመለስ፣
ጥቁሩ ለማይመለስ፤
ከከተማው ማዶ ርቆ አሸዋ ለብሶ ለሚቀር፣
የልጅ ልጅ እስኪያረጅ ድረስ ተቀብሮ ሳይሞት ለሚኖር።

መምህርት ማሪሴል መጥታ፣ ሥዕል ለጥፋ በላዩ፣
«ጦይባ፣ ሥልጠና ወስደሻል? ልጆቹ አንቺን ነው የሚያዩ።»
ወስጃለሁ እንጂ!
ባቲ፣ በሰኞ ገበያ ማግስት፣ ሰፌድ ጭኔ ላይ አድርጌ፣
ምስር መስሎ የተኛውን ጠጠር በጥፍሬ ፈልጌ።
ማበጠር ሌላ ነው፣ መንፋት ሌላ፤
ማንጓለል ሌላ ነው፣ መልቀም ሌላ፤
አንዱን ሥራ በአራት ስም ስትጠራ ላደገች ሴት
ሦስት በርሜል ምን ሊያቅታት?
ይህን በዓረብኛ መናገር ግን አልቻልኩም።
«ነዓም» አልኳት።

ልጆቹ እንደ ጎርፍ ናቸው፤ ሲመጡ አይሰሙም፣ ሲሄዱ አያዩም።
ሱልጣን ፖሙን አንዴ ገምጦ ወደ ጥቁሩ ይወረውራል፤
ዓይኔን ሲያይ ይመለሳል፣ እጁን ከትቶ ያወጣዋል፤
እስከ ክርኑ እርጎ ሆኖ «እዚህ ነው?» ይለኛል።
የጭማቂዋ ካርቶን ግን፣
ልብሷ ወረቀት፣ ገበሯ ብር፣ አፏ ላስቲክ፣
ከሁሉም ተወልዳ ለማንም የማትሆን፣
እጄ ላይ ትቆያለች።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነው እዚህ፤
የት ልክተታት እሷን?

ጠዋት ጠዋት ቢጁ አለ፣ አትክልተኛው፣ የኬራላ ሰው።
የእሱ ዓረብኛ ስባሪ፣ የእኔም ከዚያው አይሻል፤
ስባሪ ከስባሪ ግን ገጥሞ ሥራ ይሠራል።
በጥር ብርድ የብስባሹን ክምር በአካፋ ሲገለብጠው፣
ከሩዙ፣ ከቴምሩ ፍሬ፣ ከእንቁላሉ ቅርፊት መሐል
እንፋሎት ይወጣል።
«ሐይ!» አለኝ አንድ ቀን እያሳየኝ።
ሕያው ማለቱ ነው።

ረቡዕ ዕለት የዘወትሩ መኪና ቀረ።
ሌላ መጣ፤ ሹፌሩም ከወንበሩ አልወረደ፤
ሰማያዊውን አነሣ፣ ጥቁሩን ከላዩ ደፋ፣
ያለው አንድ ሆድ ነበር፤
አላምጦ ሄደ።

መህራ አየች። አራተኛ ክፍል ናት፤ ጥርሷ ገና አልሞላም።
የአጥሩን ብረት ይዛ «ታዲያ ለምን እንለያለን?» አለችኝ።
በእኛ ቋንቋ መለየት ሁለት ነው፤
አንዱ ማወቅ፣ አንዱ መራቅ።
ከባቲ በተለየሁ ቀን ምኑን ከምን እንደለየሁ
ገና አሁን ነው የገባኝ፤
ይህስ በየትኛው ዓረብኛ ይነገራል?

ጓንቴን አወለቅሁ። እጇን ይዤ ወደ ክምሩ፤
መዳፏን ከላዩ አኖርኩት፣ ጣቶቿ እስኪቀበሩ።
ደነገጠች። ከዚያ ሳቀች። «ትኩስ ነው! ማን አሞቀው?»
የሱልጣን ፖም ነው አልኳት፣ ባለፈው ወር የጣለው።

ቢጁ ሦስት አካፋ ዛቀ፣ የመግቢያውን ቴምር ሥሩን አለበሰ።
ያንን ሹፌር ረቡዕ ጠብቄ አናግረዋለሁ፤
ቋንቋ ካጣሁ በእጄ።
ነገ ደግሞ ዓሣ ይበላሉ።
የዓሣ አጥንት ለየትኛው ነው?
ማሪሴልን መጠየቅ አለብኝ።